«ሞተ» ነው «ሞተች»?

አሁን ድረስ ያናድደኛል። አሶሳ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስለ አንድ ፊልም እንከራከራለን። ዓለም ጠፍቶ የተረፉት ሰዎች ለእህል የሚታኮሱበት ፊልም ነው። ክፍል አንድ ላይ ከድልድዩ ጋር የወደቀችው ልጅ ክፍል ሁለት ላይ ከየት መጣች? ጭቅጭቁ ይኼ ነው። አብሮ አደጌ ሐሚድ፣ የበርታ ልጅ ነው፣ «እሷ መች ሞተ? ገመድ ይዞ ነበር እኮ!» አለ። ልክ ነው፣ እኔም አይቻለሁ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣው መምህር ግን ከት ብሎ ሳቀ። «ሞተ ነው ሞተች? መጀመሪያ አማርኛህን አስተካክል፣ ፊልሙ ይደርሳል!» ሻይ ቤቱ በሙሉ አብሮት አውካካ። ሐሚድ አቀረቀረ።

ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን በጥፊ መትቼ፣ «ስማ መምህር! ይኼን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖረሃል። እስቲ አንተ በበርታ ቋንቋ ‹ሞተች› በል!» አልኩት። ማንኪያውን አንስቶ ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ሳቁ ቀጥ አለ። «በል እንጂ! አንዲት ቃል!» ብዬ ጮህኩበት። ይኼኔ ሐሚድ ቀና አለ፤ ያየው ግን መምህሩን አይደለም።

«አንተስ?» አለኝ። «እዚህ የተወለድከው?»

ጠረጴዛውን የመታሁበት እጄ ያን ጊዜ ነው ያመመኝ።