ሁለቱ የበረዶ ባልዲዎች፦ የዶክተር ፐርፔቱዋ ጉምባን ቶሬፍራንካ ዜና ሕይወት

ዓመታቱንና ስሞቹን ከቤተሰቡ ጠይቄ፣ ከማስታወሻ ደብተሮቻቸውም ጋር አመሳክሬ ጽፌአለሁ፤ ሆኖም ገሚሱን የሰማሁት ገበታ ዙሪያ ከተወራው ስለሆነ ተሳስቼ የማስታውሰው ሊኖር ይችላል። አንደኛውን ባልዲ እንኳ ባለቤታቸው ቲዮ (አጎት) ቤሪዮ አረንጓዴ ነበር ሲሉ ደብተሩ ሰማያዊ ይላል። የተሳሳትኩት ካለ ታላላቆቼ እንድታርሙኝ፣ እኔ የወንድማቸው ልጅ ሬናን፣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ዶክተር ፐርፔቱዋ፣ በቤተሰቡ አጠራር ቲያ (አክስት) ፔትሲ፣ ከአባታቸው ከክሪሳንቶ ጉምባንና ከእናታቸው ከሊብራዳ ጉምባን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1951 በሚያጋዎ የባሕር ዳርቻ ተወለዱ። አባታቸው የባሕር ውሃ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ላይ በፀሐይ እያደረቁ ጨው የሚያወጡ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሃምሳ ሳይሞላ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋረዳቸው። እናታቸው የካላማንሲ ሎሚ ለዓይን ይበጃል ሲባል ሰምተው ጠዋትና ማታ እየጨመቁ ያጠጧቸው ስለነበር፣ አባት አንድ ቀን ብርጭቆውን ገፋ አድርገው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እንደ ጥሬ ዓሣ በሎሚ ልታበስዪኝ ነው እንዴ?» አሉ ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ጥሬ ዓሣ በእሳት ሳይሆን በሎሚ ይበስላልና። ቲያ ፔትሲ ይህን ሲያወሩ ይስቁና ወዲያው ከመቀመጫቸው ይነሱ ነበር። የተጠጣው ሎሚ ዓይን ውስጥ በየት በኩል እንደሚገባ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ጥያቄውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳቸው ይመስለኛል።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ በኢሎይሎ የሕይወት ሳይንስ፣ በማኒላ ደግሞ የሕዋስ ጥናት ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በኢሎይሎ በሚገኝ ኮሌጅ ለሠላሳ አንድ ዓመታት አስተምረዋል። እያስተማሩ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሱ ስለነበር፣ ተማሪዎቻቸው ወንበራቸውን ደብተር ማስቀመጫ አድርገውት ነበር። የጀመሩትን ሻይ ሲጨርሱ ያየ የለም። የቤታቸውን በር ቆልፈው ከወጡ በኋላ ሁለቴ ተመልሰው ይነኩታል።

እ.ኤ.አ. በ1976 በከተማው ገበያ ዓሣ ይነግዱ ከነበሩት ከሲልቬሪዮ ቶሬፍራንካ፣ ሁላችንም ቲዮ ቤሪዮ ከምንላቸው፣ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን አሱንታን ወለዱ። ጎረቤት ሁሉ የማይገጥም ጋብቻ ነው ብሎ ነበር። ሚስት ከከብት ማረጃው የአሳማ ዓይን በበረዶ ይዘው ሲመጡ፣ ባል ከወደቡ ዓሣ በበረዶ ይዘው ይመጣሉ፤ ቲዮ ቤሪዮም በገበያው መሐል፣ «የእኔ ዓሣ አንድ ፊቱን ዓይኑን ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሷ አሳማ ግን ምኑን ትቶት እንደሚመጣ እንጃ!» እያሉ ሰውን ያስቁ ነበር።

የሕይወታቸው ሥራ ምን እንደነበር ባጭሩ ልንገራችሁ። ከዓይናችን ባለ ቀለም ቀለበት በስተጀርባ የተሸበሸበች ስስ ሥጋ አለች። ሞራ የሚይዘው የዓይን ሌንስ የደም ሥር የሌለው በመሆኑ፣ ይህች ሥጋ ከደም ላይ ቫይታሚን ሲን እየለቀመች ሌንሱን ወደሚያርሰው ጥርት ያለ ውሃ ታስተላልፋለች፤ በዚያ ውሃ ውስጥ ያለው ቫይታሚን በደም ውስጥ ካለው ሃያ እጥፍ ያህል ይደርሳል። ከጥቂቱ ወደ ብዙው መግፋት በራሱ የሚሆን ነገር ስላልሆነ፣ ቲያ ፔትሲ የገመቱት በሥጋይቱ ላይ በረኛ እንዳለ፣ በረኛውም ቫይታሚኑን የሚያስገባው በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም አብሮ ሲገባ ብቻ እንደሆነ ነበር። የጨው አውጪ ልጅ ይህን ቢገምቱ አይገርምም፤ እርሳቸው ግን መገመታቸው አላረካቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1984 ከውጭ አገር በልመና የመጣላቸው፣ የት እንደገባ መከታተል እንዲቻል ምልክት የተደረገበት ቫይታሚን የያዘ አንድ ብልቃጥ ብቻ ነበራቸው። በሙከራው ቀን መብራት እኩለ ቀን ላይ እንደሚጠፋ ስለታወጀ ተጣድፈው፣ ሃያ አራት ዓይን በሁለት ባልዲ አስመጡ፤ አንደኛው የኮሌጁ፣ ሁለተኛው የቲዮ ቤሪዮ የዓሣ ባልዲ ነበር። የአንደኛውን ባልዲ ዓይኖች ጨው ባለው ፈሳሽ፣ የሁለተኛውን ጨው በሌለው ፈሳሽ አቆዩአቸው። ጨው ባለው ውስጥ ሥጋይቱ ቫይታሚኑን ጠጣች፤ በሌለው ውስጥ ምንም ያህል አልነካችም። በዚያ ቀን ወደ ቤት ሲመጡ እየሮጡ ነበር ይላል ቤተሰቡ።

ውጤቱን ጽፈው ለሳይንስ መጽሔት ሲልኩ፣ ጽሑፉን የመረመረው ሰው ግን አንድ መስመር ጥያቄ ላከ፤ ሁሉም ዓይኖች የመጡት በአንድ ዕቃ ነው ወይ የሚል። በገበያችን ዓሣ ነጋዴ በበረዶው ላይ ጨው ይነሰንሳል፤ ጨው የገባበት በረዶ ከተራው በረዶ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ዓሣውን ድርቅ አድርጎ ያቆየዋል፤ ሕያው ሥጋን ግን በረዶ አድርጎ ይገድላል። የሞተ ሥጋ ደግሞ ጨው ኖረም አልኖረም ቫይታሚን አይጠጣም። ቲያ ፔትሲ ማዕድ ቤት ገብተው፣ «ቤሪዮ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ያን ቀን ጨው ነስንሰህበታል?» አሉ። እርሳቸውም፣ «እንዳልነሰንስ ነግረሽኝ ነበር፤ ግን ፔትሲ፣ እጄ እኮ ሳልነግረው ነው የሚነሰንሰው። አላስታውስም፤ ምን ብዬ ልማልልሽ?» አሉ። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም።

ቲያ ፔትሲ ጽሑፉን መልሰው ወሰዱ። ብልቃጡ አልቆ ነበር፤ ሌላም አልመጣም። ከዓመታት በኋላ በሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በረኛው በእርግጥ ሶዲየም እንደሚፈልግ ሲያረጋግጡ፣ ባልደረቦቻቸው ደስ ብሏቸው ኬክ ይዘው መጡ፤ እርሳቸው ግን ቆመው፣ «እነሱ አይተውታል። እኔ ያየሁት በረኛውን ይሁን ሬሳ አላውቅም» አሉ። ኬኩን የበላችው አሱንታ ናት። ቲዮ ቤሪዮም ከዚያ ጥያቄ ቀን ጀምሮ በበረዶ ላይ ጨው ነስንሰው አያውቁም፤ ዓሣቸው ከሌላው ቶሎ እየላላ፣ የገበያው ሰው «ቤሪዮ፣ ጨው ተወደደብህ እንዴ?» እያለ ያፌዝባቸው ነበር። በቤት ውስጥ ስለ ባልዲው ዳግመኛ የተነሳ ነገር የለም። ያልተነሳ መሆኑን ግን ገበታ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደክሞ አልጋ በያዙ ጊዜ፣ ተኝተውም እግራቸው ከብርድ ልብሱ ሥር አያርፍም ነበር። በነሐሴ አንድ ቀን አስጠርተውኝ ከመሳቢያቸው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። በዚያ የሙከራ ቀን ከየባልዲው አንድ አንድ ቁራጭ ወስደው፣ በመድኃኒት አጠንክረው በሰም ውስጥ አስቀምጠው ኖሯል፤ የኮሌጁ ባልዲ አንድ ቁጥር፣ የቲዮ ቤሪዮ ሁለት ቁጥር። በረዶ ሆኖ የነበረ ሥጋ በማጉያ መነጽር ሲታይ በረዶው የበሳው ቀዳዳ ይታይበታል። መልሱ ለአርባ ዓመት ያህል መሳቢያቸው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ለምን እንዳላዩት ስጠይቃቸው፣ «አንተ ሬናን፣ ቀዳዳ ባገኝበትስ? ከቤሪዮ ጋር በየትኛው ፊቴ ራት እበላለሁ?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «እኔ ከሄድኩ በኋላ እየው። ክፉ ከሆነ ላንተው ይቅር፤ ደግ ከሆነ ግን ሰው በተሰበሰበበት ንገረው፣ እሱም ይስማ» አሉ። ቆርቆሮውን ከሰጡኝ በኋላም ሁለቴ መልሰው ተቀብለው ክዳኑን ነክተዋል። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

ዶክተር ፐርፔቱዋ ባለቤታቸውን ሲልቬሪዮን፣ ልጃቸውን አሱንታን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ታናሽ ወንድማቸውን አባቴን፣ እንዲሁም ቆመው ያስተማሯቸውን ብዙ ተማሪዎች ትተው አልፈዋል። በምድር ለመቀመጥ ጊዜ ያልነበራቸውን የቲያ ፔትሲን ነፍስ እግዚአብሔር በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለቲዮ ቤሪዮም መጽናናትን ይስጥልን።

በለቅሶው አራተኛ ቀን ሰሙን ቆርጬ፣ ቀለም ነክሬ በኮሌጁ ማጉያ መነጽር አየሁት። ዓይኔን ስላላመንኩ ከማረጃው አዲስ ዓይን አምጥቼ፣ ጨው በተነሰነሰበት በረዶ ውስጥ በረዶ እስኪሆን አቆይቼ፣ ጉዳቱ ምን እንደሚመስል አነጻጸርኩ፤ የእኔው በቀዳዳ ወንፊት ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የኮሌጁ የሕይወት ሳይንስ ክፍል ኃላፊ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሳልነግራቸው፣ ሦስቱንም አዩልኝ። በዚያ ቀን ሌላ ምን ተሳስቶ እንደነበር ማወቅ አልችልም፤ የማውቀው ይህን ነው፦ በሁለት ቁጥሩ ሥጋ ላይ፣ ቲዮ ቤሪዮ፣ አንድም የበረዶ ቀዳዳ የለም።