ለእንግዳ ዓይን የተከረከመ እንሰት

የምነግራችሁ ነገር እውነት ለመሆኑ የዳሞትን ተራራ ምስክር እጠራለሁ፤ ተራራው አፍ ቢኖረው ከእኔ የተሻለ አያወራውም። አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ጠመኔ የያዘች ይህች እጄ ሁለተኛ ብዕር አትጨብጥ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት፣ ረቡዕ ቀን ነው። ከአረካ ወደ ዱቦ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራ መኪና ሠላሳ አንድ ሆነን፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሙክት ጭኔ ላይ ተጋድሞ፣ ያም ሆኖ ለአንዲት ወጣት ብድግ ብዬ ቦታ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ወጣቷ ሜላት ናት፤ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ። እኔው ነኝ ያስተማርኳት፤ እሷ ባታስታውሰውም። በፌስታል የተጠቀለለ በረኪና አቅፋ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር በመስኮት አንገቷን ታወጣለች።

«ምነው ልጄ፣ መቀመጫው ቆረቆረሽ?» አልኳት።

«መምህር ጌታሁን፣ ጋሼ ቦልቴ ጎረቤትዎ ናቸው አይደል? ጓሯቸው ውስጥ አሥራ ሁለት እግር እንሰት አጠውልግ የሚሉት በሽታ ይዞታል። ተነቅሎ ካልተቀበረ የሰፈሩ ሁሉ ጓሮ ይከተላል። እሳቸው ግን ቅዳሜ የልጃቸውን የኤልሳዕን እጮኛ ቤተሰቦች ስለሚቀበሉ አንድም አልነቅልም ብለዋል።»

«ከቦዲቲ እስከ ሶዶ እኔን እምቢ ያለ ሽማግሌ የለም» አልኳትና ከመኪናው ሳንወርድ ነገሩን በእጄ አስገባሁ።

አንባቢ ሆይ፣ እንሰት ያልተከለ ሰው ይህን ጭንቀት ላይረዳው ይችላል። ጤፍ ባይበቅል ዓመቱ ይከፋል፤ እንሰት ሲሞት ግን አምስት ስድስት ዓመት የተጠበቀ ማዕድ ነው የሚሞተው። በዚያ ላይ በእኛ አገር ልጅ የሚድር ሰው ቤት ሊያይ ሲመጣ ሳሎን አይቶ አይመለስም። ሰበብ ፈልጎ በጓሮ በኩል ይዞርና እንሰቱን በዓይኑ ይለካል።

ስንደርስ ጋሼ ቦልቴ ቢላዋ ይዘው በእንሰቱ መካከል ይመላለሳሉ። ቢጫ ቅጠል ባዩ ቁጥር ቆረጥ ያደርጉና ከአጥሩ ወዲያ ይወረውራሉ። ሰላምታ ሲሰጡን እንኳ እግራቸው አልቆመም።

«አዋ» አለች ሜላት፤ በወላይትኛ አባት ማለቷ ነው። «እባክዎ ቁጭ ብለን እንነጋገር።»

«ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ የኔ ልጅ። መቀመጥን ለእንግዶቹ ትቼላቸዋለሁ።»

«ይህ ቅጠል ቢቆረጥም ሕመሙ ግንዱ ውስጥ ነው።»

«ግንዱን ማን ያየዋል? ሰው ግቢዬ ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እኔን አይደለም፤ ጓሮዬን ነው። አሥራ ሁለት እግር ከመሃል ነቅዬ፣ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ከፍቼ ልቀበላቸው? ‹የኤልሳዕ አባት ጓሮውን በልቶ ጨረሰው› ብለው ቢመለሱ ልጄን አንቺ ልታገቢው ነው?»

ሜላት ሳቋን ዋጠች። «ኤልሳዕ እኔን ቢጠይቀኝ ከጓሮው በፊት ቢላዋውን ነው የማየው።»

«ደግሞ ቢላዋዬ ምን አደረገሽ?»

«መቼ ነው መከርከም የጀመሩት?»

«ሽምግልናው ከተነሳ ጀምሮ። ከመስቀል በፊት።»

«ያኔ ስንቱ ነበር የታመመው?»

«አንድ። ያቺ አጥሩ ሥር ያለችው ብቻ። ከዚያ የሰው ዓይን በላው። መንገድ ዳር ስለሆንኩ ያላፊ አግዳሚው ዓይን ነው።»

«ዓይን ቢሆን ኖሮ ከመንገድ የሚታየው ነበር የሚታመመው፣ አዋ። መንገድ ዳር ያለው ግን ደህና ነው። እስቲ ጠዋት ሲከረክሙ በየት በኩል እንደሚሄዱ ሄደው ያሳዩኝ።»

እዚህ ላይ ጥያቄው የማን እንደነበር መናገር አለብኝ። በጆሮዋ ሹክ ያልኳት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ቢላዋቸውን እንደያዙ ከአጥሩ ተነሡ፤ በመጀመሪያዋ ዘንድ ቆሙ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ በሁለተኛው ቆሙ፣ ወደ ቤቱ በር አቀኑ። በቆሙበት ሁሉ የጠወለገ እንሰት አለ። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ እግራቸው ዘገየ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ወደ ኋላ ዞረው የመጡበትን መስመር አዩት። ከመስመሩ ውጭ ያሉት ሁሉ ለምለም ናቸው።

«እኔው ነኝ ከአንዱ ወደ አንዱ ያዳረስኩት ነው የምትይኝ?»

«ቢላዋው ነው፣ አዋ። የታመመውን ሲቆርጡ ፈሳሹ ስለቱ ላይ ይቀራል። ጤነኛው ላይ ሲያሳርፉት እንደ ክትባት ይወጋዋል፤ ክትባቱ ግን በሽታው ነው።»

ጋሼ ቦልቴ ቢላዋውን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጡት። «ትናንት ቶማ ተውሶኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ቶማ ከአጥሩ ወዲያ ያለ፣ አምስት ልጆች ያሉት ጎረቤት ነው። «ቢላዋ ነፈገ እንዳልባል ሰጠሁት።»

«አይንፈጉት። በእሳት ለብልበው ያውሱት፤ ሲመልስም ለብልበው ይቀበሉት። እሳት ከሌለ በዚህ በረኪና ይጥረጉት። ጉርብትናችሁም እንሰታችሁም ይተርፋል።»

«የቅዳሜው ነገርስ?»

ያኔ እኔ ተነሣሁ። ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ተናገርኩ፤ ላሞች ሣር መጋጥ አቁመው ሰሙኝ። «ጋሼ» አልኩ፣ «እንግዳ የሚመጣው ዝምድና ሊጀምር ነው። ዛሬ አረንጓዴ አስመስለው ያሳዩት ጓሮ ለከርሞ ባዶ ሲሆን፣ ሙሽራይቱ እዚህ ቤት ገብታ ለቆጮ ምን ትፋቅ? የተቆፈረውን መሬት እጃቸውን ይዘው ያሳዩአቸው። ሰው ባዶ ቦታ አይቶ ይቅር ይላል፤ የተደበቀ ነገር ላይ ደርሶ ግን ይቅር አይልም።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አሉ። «መምህር» አሉኝ፣ «ይህን ያህል ዘመን ጎረቤቴ ሆነህ እንዲህ ያለ አእምሮ እንዳለህ አልነገርከኝም።» ወዲያው ተነሥተው መቆፈሪያ አመጡ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት ብቻዬን ነው፤ ግመል ከነጭነቱ ይውጣል። አሥራ ሁለቱን ከነሥራቸው ነቅለን፣ ከብት እንዳይነካቸው አርቀን ቀበርናቸው።

ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ። የልጅቷ አጎት እንደ ወጉ ሰበብ ፈልገው በጓሮ ዞሩና ባዶው መሬት ላይ ቆሙ። ጋሼ ቦልቴ ሳይጠየቁ ሁሉንም ነገሯቸው። አጎትየው ጥቂት አሰቡና፣ «የታመመ እንሰቱን ያልደበቀ ሰው ምን ይደብቀናል» አሉ። ልጅቷም ተሰጠች።

እንግዲህ ጥቅሙን ተመልከቱ። የቦልቴ ቀሪ እንሰት አንድም አልታመመም። በባዶው መሬት ላይ እንሰት ሳይመልሱ ቦሎቄ ዘርተው ሰበሰቡ፤ መሬቱ ሲያርፍ ከጤነኛ ጓሮ የመጣ ችግኝ ይተክላሉ። የቶማ ልጆች ቆጯቸውን ይበላሉ። ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ለአንደበቴ ሐውልት ይቆምለት ነበር።

እዚህ ድረስ የጻፍኩትን ባለፈው እሑድ፣ የዕድር ስብሰባ ሲያልቅ፣ ለጎረቤቶቼ አነበብኩላቸው። ጋሼ ቦልቴ መሬት መሬት ያያሉ። ባለቤታቸው እማማ አስናቀች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከቅርብ ሰው በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ተናገሩ። ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አሰፍረዋለሁ።

«ጌታሁን፣ እኔ ማንበብ አልችልም፤ መስማት ግን እችላለሁ። ቦልቴ አልተከራከረም። በእኛ ጓሮ የታመመው ሁለት እግር ነበር፤ ሜላት በነገረችው ቀን ነቀለው። አሥራ ሁለቱ ያንተ ናቸው። በዚያ መስመር ሄዶ ያሳያት አንተ ነህ፤ አይተህም እምቢ አልክ። ቅዳሜ እንግዳ የመጣው አንተ ቤት ነው። ኤልሳዕም ልጅህ ነው፤ ያው አጠገብህ ተቀምጧል።»

ኤልሳዕ ጫማውን ያያል።

«እንግዶችህ ለምለም አይተው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ሙሽራይቱ ከገባች ጀምሮ የምትበላው ቆጮ ግን የገበያ ነው። ቢላዋውን ቶማም እኛም የተዋስነው ካንተ ነው፤ የቶማ ጓሮ ግማሹ የለም። ላሳፍርህ ብዬ አይደለም። የጻፍከው ምክር ትክክል ነው፤ ለሰው ሁሉ አንብብ። ዘንድሮ ግን ከቤትህ ጀርባ ሦስት እግር አዲስ ቢጫ ሆኗል። ትናንት ስትከረክመው አይቼሃለሁ። ነገ ጠዋት እኔና ቶማ መቆፈሪያ ይዘን እንመጣለን። ቤት ጠብቀን።»