መከተልና መቀበል

ሽማግሌው አብራሪ ወደ ኮሪደሩ የወጡት ውሃ ሊጠጡ ነው። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰው እንዳያይባቸው ነው ብንልም አልዋሸንም። ልጃቸው ሞተሯ በጠፋ መንኮራኩር ውስጥ ሕዋ ላይ እየተንሳፈፈች ነው፤ የቀራት አየር የሁለት ሰዓት ነው። ልትረዳት የተላከችው ሰው አልባ መንኮራኩር ደግሞ የቀራት ነዳጅ የሚበቃው ለአንድ ተጨማሪ ሙከራ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ ከምድር ሆነው የመሩትና ያበላሹት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ውሃው ዘንድ ከስሌት ክፍሏ ወጣት ጋር ተገጣጠሙ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሰው አልባዋን እንደ ቅድሙ ከመሯት ልጅዎ ላይ አንደርስም። አፍንጫዋን ልጅዎ ወዳለችበት ያዞራሉ፤ እስኪደርሱ ልጅዎ አልፋለች። ነዳጁ ያለቀው በመዞር ነው።»

«ታዲያ ልጄ ወደሌለችበት ባዶ ልላካት?»

«አዎ፣ ልጅዎ ወደምትደርስበት።»

ሠላሳ ዓመት «አፍንጫህን ከዒላማህ አታንሳ» እያሉ ስላስተማሩ «አባ ቀጥታ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። የለመድነውን ነገር አጥብቀን የምንይዘው ደግሞ ስንፈራ ነው።

«መመሪያው ‹ተከተል› ነው የሚለው» አሉ።

«ያሳሳተን እሱ ቃል ነው። እንግዳ ሲመጣብዎ ባቡሩን ከኋላ ይከተላሉ ወይስ ጣቢያው ድረስ ሄደው ይቀበላሉ?»

«ጣቢያው የት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

በመስታወቱ ግድግዳ በኩል አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጋሪ እየገፋች ወደ ኮሪደሮቹ መገናኛ ስትመጣ ይታያል።

«ክንድዎን ወደ ጋሪው ይዘርጉና ሳያንቀሳቅሱት ወደ መገናኛው ይራመዱ። ጋሪው ከጣትዎ ከቀደመ ይፍጠኑ፤ ወደኋላ ከቀረ ቀስ ይበሉ።»

አደረጉት። መገናኛው ላይ ጋሪው ጉልበታቸውን መታቸው።

«ጌታዬ፣ ዓይንዎ የት ነው ያለው?» አለች ሠራተኛዋ።

«እዚሁ አንቺ ላይ» አሉ፤ ዕለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው።

ከመቆጣጠሪያው ፊት ሲቀመጡ ግን ፈገግታው ጠፋ። የልጃቸው መንኮራኩር ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለች ነጥብ ናት። ወጣቷ ጎንበስ ብላ፣ «እንደ ጋሪው ነው፤ ነጥቧ ባለችበት ቆማ ትልቅ እየሆነች ከመጣች አይንኩ። ከሸሸች ብቻ ወደሸሸችበት ትንሽ ይግፉ» አለቻቸው።

የሰው አልባዋን አፍንጫ ወደ ባዶው አዞሩ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «አባዬ፣ መንኮራኩሯ ፊቷን አዞረችብኝ። ትታኝ ልትሄድ ነው?»

እጃቸው መሪውን ሊመልስ ቃጣ፤ በሌላኛው እጃቸው ያዙት።

«አልተውኩሽም ልጄ። ልቀበልሽ ነው።»

ነጥቧ ቆመች። ትልቅ እየሆነች መጣች። ሸሸት ስትል ጥቂት ገፉ፤ ስትቃረብም ፍጥነት እየቀነሱ አስጠጓት። ከዚያ የብረት መንኳኳት ተሰማ፤ ከኋላውም የልጅቱ ለቅሶ።

በማግስቱ ሠልጣኞቹን ሰብስበው የጥንቱን መንገድ ስህተት አንድ በአንድ አስረዱ። አዲሱ ዘዴ የነዳጁን እኩሌታ አትርፏል፤ መንኮራኩሯን ከመሽከርከር፣ ሰውን ከመታፈን አድኗል። አርባ ደቂቃ የሚያስተነፍስ አየር ተርፎ ነበር። ቀጥለው መመሪያውን ገለጡና «ተከተል» የሚለውን ሰርዘው «ተቀበል» ብለው ጻፉ።

ጽሕፈቱ ጠማማ ነው። እጃቸው ገና አልረጋም ነበር።