ኮረኮንች ፍለጋ ፈረንሳይ

ጠጋ በሉ እስቲ፣ ወደ ማሞቂያው ጠጋ በሉ። ጥር ነው፣ በረዶው መስኮቱ ድረስ ተቆልሏል፣ ዛሬ ማንም የትም አይሄድም፣ ስለዚህ ላጫውታችሁ። አንተም ስልክህን አስቀምጠው የኔ ጌታ፣ አይጠፋብህም።

በእኛ ጊዜ ብስክሌት የሴት ነገር አልነበረም። ጉለሌ ሳለን በሰዓት ሳይክል የሚያከራይ ሰውዬ ነበር፣ ወንዶቹ ይሰለፋሉ፣ እኛ ሴቶቹ ቆመን እናያለን። አንድ ቀን ጓደኛዬ ደፍራ ወጣችና ወደቀች፣ እና ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ያወራው ስለ ተላጠው ጉልበቷ እንዳይመስላችሁ፣ ስለ ቀሚሷ ነው። በዚያው ብስክሌት የሚባል ነገር ከልቤ ወጣ። ታዲያ ይቺ የልጅ ልጄ፣ ቤዛ፣ ረጅሟ፣ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የነርስነት ትምህርቷን ሁለት ዓመት ተምራ ተወችውና ሚኒያፖሊስ ብስክሌት የሚጠግኑበት ሱቅ ገባች።

እናቷ ጽጌ፣ የእኔ ልጅ ማለት ነው፣ ሃያ ዓመት ሆስፒታል በሽተኛ ስታገላብጥ የኖረች ናት። ልጄ ነርስ ትሆንልኛለች እያለች ነው ያንን ሁሉ ዓመት የቆመችው። ታዲያ ተኳረፉ። ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ያለው ቤታችን ደግሞ ትንሽ ነው፣ ኩርፊያ አይችልም። አንድ ኩሽና ውስጥ ቆመው በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት። ጽጌ፣ እማዬ መኪናዋን ከበሩ ላይ ታንሳ በያት ትላለች፣ ቤዛ እዚያው አጠገቧ ቆማ። ቤዛ ደግሞ በእንግሊዝኛ ለእኔ ትመልሳለች። እኔ መሃል ሆኜ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ስዞር አንገቴን አመመኝ፣ እውነቴን ነው።

እና አንድ ቀን ቤዛ መጣችና፣ አሜሪካኖችን ፈረንሳይ ገጠር ወስዶ በብስክሌት የሚያዞር ድርጅት አለ፣ ለአንድ ሳምንት መሪ ሆነሽ ሞክሪ ብለውኛል አለች። አስፋልት ላይ ነው? አልኳት። የለም እማማ፣ ኮረኮንች ላይ ነው አለችኝ። ሰማችሁ? እኛ መንገዳችን አስፋልት ይሁንልን እያልን ለቀበሌ ስናመለክት የኖርን ሰዎች፣ እነዚህ ደግሞ አውሮፕላን ተሳፍረው ኮረኮንች ፍለጋ ይሄዳሉ። ብስክሌቱም ጎማው ወፈር ያለ፣ ለጠጠር ተብሎ የተሠራ ነው። እኔ ሳቅሁ፣ ጽጌ ግን አልሳቀችም። በእኔ በኩል ተደራደሩ። ሥራውን ካገኘች ጽጌ የትምህርቱን ነገር ሁለተኛ ላታነሳው፣ ካላገኘች ቤዛ መስከረም ላይ ወደ ትምህርቷ ልትመለስ። ሥራው የሚገኘው ደግሞ እንግዶቹ በየቀኑ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ማደሪያቸው ከገቡና ደስ ካላቸው ነው። ቤዛ እሺ አለች፣ ቃል ገባች።

ታዲያ አንዷ እንግዳ ቀረችና ዕቃ በሚጭነው ቫን ውስጥ ቦታ ተረፈ። ቤዛ፣ እማማ ትምጣ አለች። ጽጌም ለብቻዬ ጠርታ፣ ሂጂ እማዬ፣ ሥራዋን እያየሽ ትነግሪኛለሽ አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ።

እንዴት ያለ አገር መሰላችሁ። ከወይን እርሻ ወጥታችሁ የሱፍ አበባ ውስጥ ትገባላችሁ፣ መንገዱ ነጭ ጠጠር ነው፣ ከዚያ ኮረብታ ላይ አንድ መንደር አለ፣ ቤቱ ሁሉ ድንጋይ፣ ከስንት መቶ ዓመት ጀምሮ የቆመ፣ ደረጃው በእግር ብዛት መሃሉ ጎድጉዷል። ጫጫታ የለም። እንግዶቹ አምስት ናቸው፣ ከእነሱ ውስጥ ቶም የሚባል፣ እዚሁ እኛ አቅራቢያ ከኤደን ፕሬሪ የመጣ የቢሮ ሰው አለ፣ ግዙፍ፣ ውሃ የማይበቃው። ቫኑን የሚነዳው ሙሴ ሬኔ ይባላል፣ ሙሴ ማለት በእነሱ አቶ ማለት ነው፣ ጺማም ሽማግሌ ነው። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ ፈረንሳይኛ አላውቅ፣ ተስማምተን ቁጭ አልን።

ታዲያ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን አይቼ ሳልሳለም አላልፍም። እነሱ አገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሌለው መንደር የለም። ቤዛ የካቶሊክ ነው እማማ ብላኛለች። ቢሆንስ? አሻግሬ ሳይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ቆማለች፣ ወቅቱም የእሷ ጾም፣ ፍልሰታ ነው፣ እንዴት አድርጌ በመኪና ጥያት ልለፍ? ሙሴ ሬኔን በእጄ ቁም እለዋለሁ፣ ይቆማል። እወርዳለሁ። አንድ በር ተሳልሞ መሄድ ደግሞ አልለመድኩም፣ የፊቱን፣ ዞሬ የጎኑን፣ ዞሬ የኋላውን ግድግዳ፣ ለጽጌ፣ ለቤዛ፣ ለሞቱብን ሁሉ። ጉልበቴም አይፈጥንም። በሁለተኛው ቀን ስድስት መንደር ነበር፣ ስድስቱንም ተሳለምኩ። የመጨረሻው ክፍት ነበርና ገብቼ አረፍ አልኩ፣ ውስጡ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ እንዲያውም ሳያሸልበኝ አልቀረም።

ለካ ያን ጊዜ እነሱ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ውሃውም ትርፍ ጎማውም እኛ ጋ ነው። የቶምን ጎማ ድንጋይ ቀዶታል፣ ቤዛ የያዘችውን መለዋወጫ ጠዋት ለሌላው ጨርሳዋለች፣ ስልክ አይሠራም፣ አንድ ዛፍ የለም። ስንደርስ ቶም ፊቱ በርበሬ መስሏል። ማደሪያው ሁለት ሰዓት ዘግይተው ገቡ፣ የድርጅቱ ባለቤት ሴትዮም ሰማች።

እናንተ፣ ያቺ በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ያን ቀን አማርኛው ከየት እንደመጣላት እንጃ። ግቢው ውስጥ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እማማ፣ ለምንድን ነው የምታስቆሚው?»

«ልሳለም ነዋ።»

«በየመንደሩ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ በየመንደሩ ሆነ፣ ምን ላድርግ?»

«እናቴ ናት የላከችሽ? እንዳይሳካልኝ?»

መላኩንስ ተልኬያለሁ። ሥራሽን እንዳይ እንጂ እንዳበላሽብሽ አልላከችኝም አልኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሄዳ ብስክሌቶቹን ማጠብ ጀመረች፣ አንድ በአንድ፣ ስድስቱንም።

በበነጋው፣ በቃ አልወርድም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ታዲያ ሙሴ ሬኔ ለምዶኛል ለካ፣ የመጀመሪያው መንደር ስንደርስ ሳልነግረው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አቆመ። ሂድ፣ ሂድ እለዋለሁ በእጄ። እሱ ዞሮ መጥቶ በሩን ይከፍትልኛል። አልወርድም እላለሁ። ያፈርኩ መስሎት ይሆናል፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ኮፍያውን አወለቀና ራሱ ሄዶ ደጁን ሳመው፣ ከዚያ ዞሮ ያየኛል፣ እንዲህ ነው አይደል? እንደማለት። ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ አርባ ዓመት እንደሆነው ቤዛ በኋላ ነው የነገረችኝ። እኔ መኪናው ውስጥ በሳቅ እንባዬ መጣ።

እና ወርጄ ተሳለምኩ። ስሳለም ደጃፉን ልብ ብዬ አየሁት። ትልልቅ ዛፍ አለው፣ ከጎኑ የድንጋይ መቀመጫ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የደወሉ ግንብ ደግሞ ከመጣንበት ሜዳ ጀምሮ ይታይ ነበር። የእኛስ ሰው ሲቀጣጠር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠብቂኝ አይደል የሚባባለው? ምሳ ላይ እንደተገናኘን ሌላውን ሁሉ ትቼ ይሄንኑ ነገርኳት።

«ቤዛዬ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከምትቀጥሪን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቅጠሪን። ስልኩ አልሠራ ቢላችሁ ግንቡ ከሩቅ ይታያል። ጥላ አለው፣ ውሃ አለው። እናንተ ዳገቱን እስክትወጡ እኔ ተሳልሜ ጨርሻለሁ።»

ስልኳ ላይ ያለውን ካርታ ብዙ አየችው። ከዚያ ኦኬ አለችኝ፣ ያው በእንግሊዝኛዋ። ልቤ ያን ጊዜ መለስ አለ።

ታዲያ ከዚያ ወዲያ አልዘገዩም። አንድ ቀን ጫካ ውስጥ መንገዱ ሦስት ቦታ ተከፈለባቸው፣ ስልኩም ከዳቸው፣ ቤዛ ከጉብታ ላይ ሆና ግንቡን አይታ መራቻቸው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ በእልልታ እቀበላቸዋለሁ። ቶም መጀመሪያ ደነገጠ፣ ኋላ እልልታው ከዘገየበት ብስክሌቱን ይዞ ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር።

በመጨረሻው ቀን የድርጅቱ ባለቤት ሴትዮ የምንገናኝበት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ መጣች። እንግዶቹን አንድ በአንድ አነጋገረች፣ ከዚያ ቤዛን ጠርታ ስለ ሁለተኛው ቀን ጠየቀቻት። እኔ እንግሊዝኛ አልናገርም እንጂ እሰማለሁ። ቤዛ ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ የመገናኛ ቦታውን በደንብ ሳልመርጥ ቀርቼ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። ይሄን ስሰማ እንዴት ልቀመጥ? ተነሳሁና «ኖ፣ ሚ። ሚ ሌት» አልኳት ሴትዮዋን፣ ያዘገየኋቸው እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ማን ናት አለች። አያቴ ናት አለች ቤዛ። ሴትዮዋ እኔንም አየች፣ ደጃፉንም አየች፣ ከዚያ ለሚመጣው ዓመት መገናኛው እንዲህ ይሁን፣ መሪዋም አንቺ ሁኚ አለቻት።

ወዲያው ጽጌ ደወለች። እህስ እማዬ፣ እንዴት ናት? አለችኝ።

«ስድስት ቀን አየኋት» አልኳት። «ማን እንደጠማው፣ ማን ጉልበቱን እንዳመመው፣ ሳይነግሯት ታውቃለች። በጉልበቷ ተንበርክካ ኮረኮንቹ ላይ የወደቀ ሰው ቁስል ስታጥብ አይቻለሁ። ከአንቺ ነው የወረሰችው፣ ከየት ታመጣዋለች?»

ይሄን ሁሉ ነግሬያት እሷ፣

«ትበላለች?» አለችኝ።

«እሱን ራስሽ ጠይቂያት» አልኩና ስልኩን ለቤዛ ሰጥቼ ወደ ቫኑ ሄድኩ። ብዙ አወሩ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅኩም፣ ሁለቱም አልነገሩኝም።

ቤዛ አሁን በየዓመቱ በፈረንጆቹ በጋ ፈረንሳይ ትሄዳለች፣ በተረፈው ጊዜ ያው ሱቋ ናት። ጽጌ ነርስ ትሁንልኝ ማለቱን ትታለች፣ ራሷም ብስክሌት ተገዝቶላት ሚሲሲፒ ዳር ትነዳለች፣ አስፋልት ላይ ብቻ። ሙሴ ሬኔ ዓይኑ ደከመና ቫኑን ለወንድሙ ልጅ ሰጠ፣ በፈረንጆች ገና ካርድ ይልክልናል። ቶም እዚሁ ኤደን ፕሬሪ ነው፣ አንድ ቀን መጥቶ ሽሮ በልቶ ሄዷል። እኔም ሁለተኛ አልሄድኩም፣ ጉልበቴ አልቻለም። በረዶው ሲቀልጥ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ እናትና ልጅ ሲወጡና ሲገቡ አያቸዋለሁ።