ቀዝቃዛው ቱቦ

«ማሞቂያው ሞቷል አልኩህ እኮ!» ሲል ሹፌሩ አባቴ ላይ ጮኸ። አባቴም «ታዲያ ልጄ በብርድ ስትሞት ዝም ልበል?» አለው። ከዲንሾ ወደ ጎባ ሆስፒታል የምንወስዳት ሕፃን እህቴ እናቴ እቅፍ ውስጥ ሆና ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። አብረውን የተሳፈሩት ማር ነጋዴ እናት፣ አዴ ሞሚና፣ መኪናውን አስቁመው ኮፈኑን አስከፈቱ።

«ደግሞ ማር ሻጭ መካኒክ ሆነች!» አለ ሹፌሩ።

እሳቸው ግን ሁለቱን የማሞቂያ ቱቦዎች በባዶ እጃቸው ዳሰሱ። «ኮቱ! ና ንካቸው። አንዱ ትኩስ ነው፣ አንዱ በረዶ። ቆላ ስትወርድ ሞቆህ፣ የሞተሩን ሙቅ ውሃ ወደ ማሞቂያው የሚያሳልፈውን መዝጊያ ዘግተህ፣ ደጋ ስትወጣ ረሳኸው አይደል?»

ሹፌሩ ሁለቱንም ነክቶ «ረሳሁት» አለ። መዝጊያውን ራሳቸው ከፈቱት። ሮቤ ሳንደርስ እህቴ ሞቋት ማልቀስ ጀመረች፤ ለቅሶዋ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጎባ ስንደርስ ሹፌሩ «እማማ፣ ማን አስተማረዎት?» አላቸው። አዴ ሞሚና የማር ቅላቸውን አንስተው ወደ ገበያው ሄዱ።