በጠፍር የተለካ ዓለም

መምህር አድማሴ ያን ቅዳሜ ከጎንደር ወደ አዘዞ የተነሣው የጓደኛውን ልጅ ክርስትና ሊበላ እንጂ ስለ ዓለም አፈጣጠር ሊከራከር አልነበረም። ስለ ዓለም አፈጣጠርማ ክፍል ውስጥ የሚበቃውን ያህል ተናግሯል፤ እንዲያውም ከሚበቃው በላይ ሳይናገር አልቀረም። ነጭ ሱሪውን አስተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ከሾፌሩ ከሰጠኝ ጎን ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የሚቀርብለትን ክትፎ ሲያስብ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት ማኪናዋ ድንገት ቀጥ አለች።

መኻል መንገዱ ላይ በርዝመቱ ጠፍር ተዘርግቷል። በአንደኛው ጫፍ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ጭቃው ላይ ተንበርክከዋል። በሌላኛው ጫፍ አንዲት ልጃገረድ ነጠላዋን አገልድማ ጠፍሩን ወጥራ ይዛለች። ሰጠኝ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሽማግሌው ቀና እንኳ አላሉም።

«የኔታ፣ መንገዱን ይልቀቁልን እንጂ፤» አለ ሰጠኝ በመስኮት ብቅ ብሎ። «ምነው፣ ሌላ የሚለካ ቦታ ጠፋ?»

«መቶ ሰማንያ ሰባት፤» አሉ ሽማግሌው አንድ ጠጠር ከረጢታቸው ውስጥ እየጣሉ። «ካሳሳትኸኝ ከድልድዩ ጀምሬ እደግመዋለሁ። እንዳሻህ።»

አድማሴ ሊስቅ ሲል ልጅቷን አያት፤ ሳቁም ቀረ። እንኳየሁ ናት። ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹ አንደኛ የምትወጣው፣ ከግንቦት መግቢያ ጀምሮ ደብዛዋ የጠፋው እንኳየሁ! ሁለት ጊዜ መልእክት ቢልክ «ታማለች» ተብሏል። የመንግሥቱ ፈተና ስምንት ቀን ቀርቶታል፤ በሽተኛዋ ግን ጉንጯ ቀልቶ መኻል መንገድ ላይ ጠፍር ትጎትታለች። አድማሴ ደሙ ፈላ። ከማኪናው ወርዶ በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋው። ሰጠኝም «ክርስትናው ሊያልፍህ ነው፤ በኋላ እኔን እንዳትል» ብሎ በዳር በኩል ጭቃውን እየረጨ ሄደ፤ ከጭቃውም ገሚሱ የአድማሴ ሱሪ ላይ አረፈ።

ሽማግሌው መሪጌታ ወልደኢየሱስ ነበሩ፤ የልጅቷ አባት። አድማሴ በስም እንጂ በአካል አያውቃቸውም። አጽዋማትና በዓላት መቼ እንደሚውሉ ለማስላት የሚያገለግለውን ባሕረ ሐሳብ አርባ ዓመት አስተምረዋል። ጎንደር ውስጥ በዓል መቼ ይውላል ተብሎ ክርክር ሲነሣ ሰው የሚሄደው እርሳቸው ዘንድ ነው። አሁን ግን ክርክርም ሰላምታም የሚሰሙ አልመሰሉም፤ የቀራቸውን ዐሥራ ዘጠኝ ጠፍር ለክተው፣ ዋርካው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ሲደርሱ፣ ጉልበታቸውን አራግፈው እጃቸውን ዘረጉ።

«መምህር አድማሴ ነህ አይደል? እንደምን ዋልህ? ተቀመጥ። ላስጠራህ አስቤ ነበር፤ እግዚአብሔር አመጣህ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔታ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅዎን ለምን አስቀሯት?»

«ሐሰት ስላስተማርሃት።»

ይህን ያሉት ያለ ቁጣ ነው፤ ውኃ እንደሚያቀርብ ሰው ረጋ ብለው። አድማሴን ያናደደውም ይኸው እርጋታቸው ነበር።

«በታኅሣሥ ደብተሯን ገልጬ አነበብሁ፤» ቀጠሉ መሪጌታ። «ዓለም በመጀመሪያ ከጤፍ ቅንጣት ያነሰች፣ እጅግም የጋለች ነበረች፤ ከዚያ ተዘረጋች፤ ዛሬም እየተዘረጋች ናት፣ ይላል። ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«‹ይባላል› ብለህ ነው ወይስ ‹ነው› ብለህ?»

አድማሴ ጥቂት አሰበ። «ነው ብዬ ነው።»

አድማሴ ለዚህ ዓይነት ክርክር የተዘጋጀው ዛሬ አይደለም። መምህርነት ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን አንድ ካህን መጥቶ «ማን አየው? ማን ነበረ?» ይለኛል ብሎ፣ መልሱን በልቡ አበጃጅቶ አስቀምጧል። እንዲህ ያለ ሸጋ መልስ ይዞ የሚጠይቅ ማጣት እንዴት እንደሚያቃጥል መምህር የሆነ ያውቀዋል። ስለዚህ ራሱ ቀደመ። «የኔታ፣ ማንም አላየውም ሊሉኝ ነው፤ ነገር ግን...»

«አልልህም። እኔስ ያላየሁትን ዘመን ስቆጥር አይደል የምኖረው? ያለፈውን ከተረፈው ማስላት ሥራዬ ነው። መጽሐፍም አልጠቅስብህም። አንተ ‹ትዘረጋለች› ብለሃል፤ የሚዘረጋ ነገር ደግሞ ይለካል። በጥር ከድልድዩ ራስ እስከዚህ ዋርካ ለካሁ፤ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጠፍር። በየካቲትም፣ በመጋቢትም፣ በሚያዝያም ያው ነው። በግንቦት ሁለት መቶ ዘጠኝ። ያን ጊዜ ልጄን አስቀረሁ። ዛሬ ስንት ሆነ፣ እንኳየሁ?»

«ሁለት መቶ ስድስት፣ አባባ።»

«ሰማህ? ዓለም እየሰፋች ከሆነ ምነው የአዘዞ መንገድ አጠረ?»

አድማሴ ግንባሩን በመዳፉ ደገፈ። አምስት ወር ሙሉ! አንድ የተከበሩ ሊቅ፣ አምስት ወር ሙሉ፣ የሰማይን መዘርጋት የአዘዞ መንገድ ላይ ሲፈልጉ ከረሙ። እንዲህ ያለውን ሰው ከየት ጀምረው ያስረዱታል? ቢሆንም ትዕግሥቱን ሰብስቦ ጀመረ።

«የኔታ፣ የሚራራቁት እጅግ ሩቅ ያሉ የከዋክብት መንጋዎች ናቸው እንጂ ጎንደርና አዘዞ አይደሉም። ጥቁር አዝሙድ ያለበት የዳቦ ሊጥ ያስቡ። ሊጡ ሲነፋ ፍሬዎቹ ይራራቃሉ፤ ፍሬው ራሱ ግን አያብጥም። እኛ ሁላችን ያለነው አንዲት ፍሬ ላይ ነው።»

«ሸጋ ምሳሌ ነው፤» አሉ መሪጌታ፣ ከልባቸው። «ሊጡ የሚነፋው ግን እቃው ውስጥ ክፍት ቦታ ስላገኘ ነው። ዓለም ሁሉ ሊጥ ከሆነ ወዴት ይነፋል?»

«ወዴትም አይደለም። ቦታው ራሱ ነው የሚዘረጋው።»

«ቦታ ያለ ቦታ?»

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ከዚያስ በፊት ምን ነበር?»

«በፊት የሚባል ነገር አልነበረም ይላሉ።»

መሪጌታ ሳቁ። «ይህን እኔ ተናግሬው ቢሆን ‹የቆሎ ትምህርት ቤት ጥያቄ ይከለክላል› ብለህ ለጓደኞችህ ታወራብኝ ነበር።»

እውነታቸውን ነው፤ ያወራባቸው ነበር። አድማሴ ይህን ስለሚያውቅ ይበልጥ ተናደደ፤ ተናዶም ድምፁን ከፍ አደረገ። «የኔታ፣ ሰማይ በጠፍር አይለካም! ታላላቅ ሊቃውንት፣ ቤት በሚያህል መነጽር ያዩትን ነገር...»

«አንተ በዚያ መነጽር አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እኔ ግን በዚህ ጠፍር ለክቻለሁ። ያልለካኸውን ‹ነው› ብለህ ለልጄ ነገርህ፤ እሷም ያልለካችውን ‹ነው› ብላ ጻፈች። በዚህ ዓይነት ከእኔ ደቀ መዛሙርት በምን ተሻለች?» መሪጌታ ከረጢታቸውን አሰሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ነገሩን ላስረዝምብህ አልሻም። የደባርቅ ሰዎች ልጄን ለልጃቸው ጠይቀዋል፤ ደኅና ቤተሰብ ናቸው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ መልስ ሊወስዱ ይመጣሉ። ትምህርቱ እውነት ቢሆን ‹ትማራለች› ብዬ እመልሳቸው ነበር። ሐሰት ከሆነ ምን ብዬ ልመልሳቸው?»

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። የደረቀ ክርክር አይደለም፤ ልጅቷ ነገ ልትታጭ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ስድስት ጠፍር! አድማሴ ይህን ሲሰማ ለማሳመን መሞከሩን ተወው። ከነገር ሁሉ የከፋው እንዲህ ያለው ነው፤ የተሳሳቱት ሽማግሌ በትሕትና ይናገራሉ፣ ትክክለኛው መምህር ይጮኻል። አንድ ጊዜ እንኳ «ይህ ጠፍር ምንድን ነው? ከምን ተሠራ?» ብሎ አልጠየቀም። ሱሪውን አራግፎ ተነሣ። «እንግዲያው ደኅና ይዋሉ» ሊል አፉን ከፈተ።

«አባባ፣» አለች እንኳየሁ፣ «መቋሚያዎን ያውሱኝ።»

ሁለቱም ዞር አሉ። እስካሁን የጠፍሩን ጫፍ እንደያዘች ዋርካውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ከቁጥሩ በቀር አንድ ቃል የጠየቃት አልነበረም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ሰጧት።

«ይህ ጠፍር በጥር ሲቆረጥ ልክ አምስት መቋሚያ ነበር አይደል?»

«ልክ አምስት። ራሴ ነኝ የቆረጥሁት።»

ጠፍሩን ሣሩ ላይ ዘርግታ መቋሚያውን እያጋደመች ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከአምስተኛው ወዲያ ጠፍሩ አላለቀም። «በስንዝርዎ ይለኩት፤» አለቻቸው። መሪጌታ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ የተረፈው ጠፍርና ስንዝራቸው ገጠሙ።

«ቆዳ ነው፣ አባባ። ዝናብ ሲጠጣ ይሳባል። በግንቦት ግማሽ ስንዝር ረዝሞ ነበር፤ ሌሊቱን ስለዘነበበት ዛሬ ሙሉ ስንዝር ሆነ። መንገዱ አላጠረም፤ ጠፍሩ ነው የረዘመው።»

ወደ አይከል የሚሄድ በሬ ነጂ እንኳ ይህን ቢጠይቁት በሳቀ ነበር፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስርበት ቆዳ፣ ምራን፣ በክረምት እንደሚላላ የማያውቅ አራሽ የለም። መሪጌታ ግን ሞፈር ጨብጠው አያውቁም፤ አድማሴም የነጋዴ ልጅ ነው። ሁለት የተማሩ ሰዎች ሰማይን አንሥተው ሰማይን ሲጥሉ እግራቸው ሥር ያለውን ቆዳ አላዩትም።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣቶቻቸው አንጓ ማስላት ጀመሩ። «መቋሚያው ሰባት ስንዝር። የጥሩ ጠፍር ሠላሳ አምስት፣ የዛሬው ሠላሳ ስድስት። የጥሩ ድምር ሰባት ሺህ አራት መቶ ሃያ ስንዝር...»

«የዛሬው ሰባት ሺህ አራት መቶ ዐሥራ ስድስት፤» ጨረሰችላቸው።

«አራት ስንዝር ጎደለ።»

«እሱ የእጃችን ነው፣ አባባ። አንድ ጊዜ ጠበቅ፣ አንድ ጊዜ ላላ ስናደርገው የሚመጣ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ብንለካ እንኳ ከዚህ የበለጠ እንለያያለን።»

መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህን ያወቅሽው መቼ ነው?»

«በግንቦት።»

«ምነው አልነገርሽኝ?»

እንኳየሁ አንገቷን ደፋች። «እርስዎ ሲናገሩ ጣልቃ አልገባም። ክፍልም ውስጥ መምህር ሲናገሩ ጣልቃ አልገባም።» ቀሪውንም በቀስታ አወጣችው። «ደግሞም ብነግርዎ መለካቱን ይተዉታል ብዬ ፈራሁ። ከትምህርት ቤት ካስቀሩኝ ወዲህ የቀረኝ ትምህርት ይኸው ነበር። ነገ ሽማግሎቹ ባይመጡ ኖሮ ዛሬም አልናገርም ነበር።»

አድማሴ እንደገና ተቀመጠ። ንዴቱ አልጠፋም፤ ዞሮ ወደ ራሱ መጣ እንጂ። ይህችን ልጅ ሁለት ዓመት አስተምሯታል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ብሎ አንድ ጊዜ አልጠየቃትም።

«የኔታ፣» አለ፣ ይህን ጊዜ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ጠፍሩ ባይረዝምና ቁጥሩ ሁልጊዜ ያው ቢሆን ኖሮም የሊቃውንቱን አሳብ አያፈርስም ነበር፤ ምድር እርስ በርሷ የተያያዘች ናትና። በዚህ ልሟገትዎ እችላለሁ። ግን ወዴት እንደሚዘረጋ አላውቅም። ከዚያ በፊት ምን እንደነበረም አላውቅም። እኔ ከአንድ መጽሔት ያነበብሁት ነው። ሊቃውንቱም ገና ይከራከሩበታል፤ ዓለም መጀመሪያ የላትም የሚሉም አሉ። ‹ነው› ማለት አልነበረብኝም።»

«ይህን ቃል ክፍል ውስጥ ብትናገረው ኖሮ ልጄን ባላስቀረኋት፤» አሉ መሪጌታ። «እኔ ግን አሁንም እጠራጠራለሁ። ከጤፍ ቅንጣት ባነሰች ነገር ውስጥ ይህ ሁሉ ጋራ ነበረ ሲባል ልቤ አይቀበልም።»

«ይጠራጠሩ። ግን እሷ ተምራ፣ ከእኔ የተሻለ መልስ እንድታመጣልዎ ይፍቀዱ።»

መሪጌታ ጠፍሩን ጠቅልለው ለልጃቸው ሰጧትና፣ «ነገ አንተም ና» ብለውት ወደ ከተማ አቀኑ። አድማሴ የክርስትናው ድግስ እንዳለፈው ያስታወሰው ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ የመሪጌታ ቤት ውስጥ ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠው ነበር፤ አፈ ጉባኤያቸው አያ ፋንታሁን የሚባሉ የደባርቅ ሰው ናቸው። አድማሴ ሌሊቱን ንግግር ሲያዘጋጅ አድሯል። የተማረች ሴት የመሬት ደብዳቤ ቢመጣ ለአንባቢ ሳትለምን ራሷ ታነባለች፤ ልጇ ቢታመም ከውኃው ይሁን ከምግቡ ለይታ ታውቃለች፤ ነርስ ብትሆን አገር ትጠቅማለች፤ ባትሆንም የነገሯትን ሁሉ ሳትመረምር አትቀበልም፤ ባሏም ቢሆን የሚያማክረው ሰው ያገኛል። ሰባት ነገር ቆጥሮ ይዟል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አያ ፋንታሁን፣ «ይሁን እሺ፣ መምህር፤ እኛ ግን የመጣነው ከመሪጌታ አፍ ልንሰማ ነው» አሉት።

አድማሴ ሊቀጥል ሲል መሪጌታ በእጃቸው ያዝ አደረጉት።

«አያ ፋንታሁን፣» አሉ፣ «አክብራችሁ መጥታችኋልና አልዋሻችሁም። አርባ ዓመት ስቆጥር ‹ተሳሳትህ› ያለኝ ሰው የለም። የማልሳሳት መስሎኝ ነበር። ለካ የሚያርመኝ አጥቼ ኖሯል። ትናንት መንገድ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ተሳሳትሁ፤ ያረመችኝም እሷ ናት። እሷን ሰጥቻችሁ እኔ ከማን ጋር ልቁጠር?»

ሽማግሎቹ ተያዩ፤ መልሳቸውን ይዘውም ተነሡ። እንኳየሁ ሰኞ ጠዋት ደወሉ ሳይደወል ክፍሏ ገብታ ተቀምጣ ነበር።