ኮቱ ቢወጣ ብሉ ይቀራል

ዝናቡ ያባረራቸው መንገደኞች መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ተጨናንቀው ቆመዋል። በሩቅ አገር ስለ አፈር ተምራ በቅርቡ የተመለሰችው መምህርት በመካከላቸው ስትሽሎከለክ ከአክስቷ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ጨርቅም ነገርም ስለሚቆርጡ ሰፈሩ «እትዬ መቀስ» ይላቸዋል። ልጅቱን ሲያዩ በእጃቸው የያዙትን ወደ ሹራባቸው ኪስ ሸጎጡት።

«ምን ገዙ አክስቴ?»

«የቁስል ቅባትና ፕላስተር። መርፌ ወጋኝ።»

«የትኛውን ጣትዎን?»

«አንዱን ነዋ! ፖሊስ ሆነሽ ነው እንዴ የመጣሽው?»

ልጅቱ ጣቶቹን አየች፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ልቧ ፈራ። ከሁለት ዓመት በፊት እትዬ መቀስ የእንቁላል እጢ ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ ማኅፀናቸውና እጢዎቹ በቀዶ ሕክምና ወጥተው፣ በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ጨርሰው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመልሰው ነበር። ያኔ እሷ ሁሉንም በስልክ ነበር የሰማችው።

ዣንጥላዋን ዘርግታ እስከ ስፌት ቤቱ ሸኘቻቸው። ሹራባቸውን አውልቀው ካውያውን ሲያነሱ አንድ ነገር አየች። የሰውን ወገብ ሲለኩ አንድ ጣት እንኳ የማይስቱት ሴት የገዛ ጉርዳቸውን መታጠቂያ ከእምብርታቸው በታች አውርደው ሰፍተውታል።

«መታጠቂያውን ለምን አወረዱት?»

እትዬ መቀስ ካውያውን መልሰው አስቀመጡ። «እምብርቴ ላይ አንዲት ጉጥ ወጥታለች። ጠንካራ ናት፤ ልብስ ሲነካት ታዣለች። ይኸው ነው። አሁን አፍሽን ዝጊ።»

«መቼ ወጣች?»

«ቀጠሮ ይዛ አልመጣችም!»

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ለእባጭ? ደግሞስ አንቺ የአፈር ሐኪም አይደለሽ እንዴ? አፈር ስገባ ታክሚኛለሽ።»

ልጅቱ አመነታች። ብሳሳትስ? በከንቱ አስደንግጫቸው ብቀርስ? የተማረችው ስለ ጨዋማ አፈር እንጂ ስለ አክስት እምብርት አይደለም። ነገር ግን ጥርጣሬ ለዝምታ ሰበብ ከሆነ ከድንቁርና በምን ይሻላል?

«ያ በሽታ ተመልሶ ቢሆንስ አክስቴ?»

«በምን ይመለሳል? የበቀለበት ቦታ ተነቅሎ ወጥቷል። የሌለ ጥርስ ያማል? ያከመችኝ ሐኪምም ብትሆን የማኅፀን ሐኪም ናት፤ እምብርቴን ገልጬ ባሳያት ነገር ፈላጊ ነው የምትለኝ። ሰው ማስቸገር ነውር ነው።»

ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ወንፊት የመሰለ የሱፍ ኮት ነካካች። «ይኼስ ምን ሆነ?»

«ብል በልቶት ነዋ! የሰውየው ሞኝነት! የፊተኛው ኮቱ ሲበላ አውጥቶ አቃጠለና፣ ቁም ሳጥኑን ሳያራግፍ ይኼኛውን ሰቀለበት። ኮቱ ቢወጣ ብሉ ይቀራል ብዬ ነግሬው ነበር፤ ማን ይስማ!»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው። «አሁን ያሉትን እርስዎ ሰምተውታል?»

እትዬ መቀስ ኮቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«እጢው ሲወጣ በዓይን የማይታይ ፍርፋሪ ሆድ ውስጥ ቀርቶ፣ ባልታሰበ ቦታ ብቅ ብሎ ይሆናል» አለች ልጅቱ። «እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው እንሂድ የምለው።»

«እና እውነት ሆኖ ቢገኝስ?» ድምፃቸው ወረደ። «እንደገና ያንን መድኃኒት? ፀጉሬ ገና አሁን ለማበጠሪያ በቃ።»

«እውነት ከሆነ ዛሬም አለ፤ ስላላየነው አይጠፋም። ብቻዎን በፕላስተር ከሚታገሉት ሐኪምም እኔም ብናግዝዎ አይሻልም?»

እትዬ መቀስ የኮቱን ቀዳዳዎች በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ። ከዚያ ሹራባቸውን አነሱ። «ዣንጥላውን ያዢ። ግን ሐኪሟ በጆሮሽ ብታንሾካሹክልሽ አልወድም። ገላው የኔ ነው፤ ለኔ ትንገረኝ።»

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሟ ጉጧን ስትዳስስ ፊቷ ኮስተር አለ። ከጉጧ ናሙና ተወሰደ፤ ሆዳቸውም በመሣሪያ ታየ። ውጤቱ እስኪመጣ ልጅቱ እንቅልፍ አጣች፤ አክስቷ ደግሞ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌ ገልብጠው ሰፉ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ እሳቸውን እያየች ተናገረች። «ካንሰሩ ተመልሷል። በእምብርት በኩል መውጣቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው እባጭ ነው ብሎ ይተወዋል። ሆድዎ ውስጥም ምልክት አለ። ጨርሰን እናጠፋዋለን ብዬ አልዋሽዎትም። ነገር ግን አንጀትዎን ሳይዘጋ፣ ሆድዎም ውሃ ሳይቋጥር ደርሰንበታል። መድኃኒት እንጀምራለን፤ ሕመም ሲመጣም ማስታገሻ አለን። ቀደም ብለው ለምን አልነገሩኝም?»

«የእርስዎ ክፍል አልመሰለኝም።»

«ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ የኔ ክፍል ነው።»

መድኃኒቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ልጅቱ ስፌት ቤቱ ስትገባ አክስቷ የአንዲት ደንበኛ ወገብ ይለኩ ነበር። ሌሎች ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ።

«ወገብሽ ከባለፈው ሰፍቷል።»

«ወፈርኩ እንግዲህ እትዬ መቀስ!»

«ክንድሽ ቀጥኖ ሆድሽ ብቻውን ወፈረ? ይነፋሻል? ሁለት ጉርሻ ሳትበዪ ትጠግቢያለሽ?»

የሴትየዋ ፈገግታ ጠፋ። «እንዴት አወቁ?»

«የኔም እንደዚሁ ነበር የጀመረው። ካንሰር ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። ተራ ጠባቂዎቹ አንገታቸውን ደፉ። «ምን ታቀረቅራላችሁ? ስሙን በመጥራት የሚይዝ ቢሆን ሐኪሞቹ ሁሉ ባለቁ ነበር። አንቺ ተመርመሪ፤ ካልሆነ እሰየው፣ ከሆነ ቀድመሽ ደረስሽበት። እስክትመረመሪ ቀሚስሽን አላሰፋልሽም። እኔ መታጠቂያዬን እያወረድኩ ራሴን ሳታልል ከርሜአለሁ።»

ሜትሩ ከእጃቸው ሾለከ። ልጅቱ ጠጋ ብላ አንዱን ጫፍ ያዘችላቸው።

«ነገ ትመጫለሽ አይደል?» አሉ ቀስ ብለው፣ ለእሷ ብቻ።

«እመጣለሁ አክስቴ።»

«እንግዲያው አጥብቀሽ ያዢው» አሉና የሴትየዋን ወገብ እንደገና ለኩ።